ድምፅ ተመለሰልኝ፣ ቃል ግን አልተመለሰልኝም፤ እናንተን በእርግጥ የጠቀማችሁ የቱ ነው?

የመክፈቻ ጽሑፍ

የሒሳብ ሠራተኛ ነኝ፤ ዕድሜዬ ሃምሳን አልፏል። ከሦስት ዓመት በፊት አንድ ማለዳ ስነቃ የግራ ጆሮዬ አይሰማም ነበር። ኩክ የደፈነው መስሎኝ አንድ ወር ሙሉ ጠበቅኩት። ኩክ አልነበረም። ቀኙም ከዚያ ወዲህ እየደከመ ሄዶ፣ ዛሬ ያለ መስሚያ መሣሪያ አጠገቤ የተቀመጠ ሰው ማውራቱን የማውቀው ከንፈሩን አይቼ ነው።

ሰው ሁሉ መስማት ያቆመ ሰው ጸጥታ ውስጥ የሚኖር ይመስለዋል። እኔ ጸጥታ አላገኘሁም። ሌት ተቀን ጆሮዬ ውስጥ ጢዝ የሚል ነገር አለ፤ ሲደክመኝ ይብስበታል። ያጣሁት ከጀርባዬ የሚሆነውን ማወቅ ነው። ባለፈው ወር የመታጠቢያ ቤቱን ቧንቧ ሳልዘጋ ተኛሁ። ጠዋት እግሬን ከአልጋ ሳወርድ ነጠላ ጫማዬ ካስቀመጥኩበት የለም፤ ተንሳፍፎ ሄዶ በሩ ሥር ቆሟል።

መስሚያ መሣሪያው የተገዛ ዕለት ቤተሰቤ ጉዳዩ ያለቀ መሰለው። እኔም መስሎኝ ነበር። አሁን ድምፅ ይደርሰኛል፤ የወንበር መጎተት፣ የሳህን መጋጨት፣ የሰው ሳል እስኪያመኝ ድረስ ይደርሰኛል። ሰው ሲያናግረኝ ግን መናገሩን እንጂ ምን እንዳለ አላውቅም። አቋሜን በግልጽ ላስቀምጥ፦ መስሚያ መሣሪያ ከሚወራለት እኩሌታውን አይሠራም።

ሌላው ጣጣዬ ስልክ ነው። በአንድ ባንክ ያለኝን አድራሻ ለመቀየር ብጠይቅ፣ በስልክ ደውለን ማንነትዎን ሳናረጋግጥ አይሆንም አሉኝ። አልሰማም ብዬ ጻፍኩላቸው። በስንት ሰዓት ብንደውል እንደሚመቸኝ ጠይቀው መለሱልኝ።

ስለዚህ ንገሩኝ፤ መስማት ካቆማችሁ በኋላ የዕለት ኑሯችሁን በእርግጥ የለወጠው አንድ ነገር ምንድን ነው? በከንቱ የገዛችሁትስ? መድኃኒት እንዳትጠቁሙኝ አደራ።

(የውይይቱ ክር ስለረዘመ፣ ዘግይቶ ለሚደርስ አንባቢ የመልሶቹን ፍሬ ነገር በራሴ አነጋገር ከዚህ በታች አስፍሬዋለሁ። ቁጥሩ የመልሱ ተራ ነው፤ ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። በየመካከሉ የራሴን ጣል ማድረጌ አልቀረም።)

መልስ 1። የመጀመሪያዋ መላሽ መስማት ካቆመች 11 ዓመቷ ነው። ሰላምታዋን አስቀድማ፣ ከሁሉ የጠቀሟት ሁለት ቀላል ነገሮች እንደሆኑ ጻፈች። አንዱ የበሩ ደወል ሲጫን ሳሎን ውስጥ ብልጭ ድርግም የሚል አምፖል ነው። ሁለተኛው ትራስ ሥር የሚቀመጥ የሚንቀጠቀጥ ማንቂያ ነው፤ የመዳፍ ስፋት ያለው ክብ ነገር ሆኖ በገመድ ከሰዓቱ ጋር ይያያዛል። አንድ ሌሊት ይህ ክብ ነገር ከትራሱ ሥር ሾልኮ በአልጋውና በግድግዳው መካከል ወለሉ ላይ ወደቀ። ሰዓቱ ሲደርስ ጣውላውን እየደበደበ ከታች ያሉትን ጎረቤቶች በሙሉ ቀሰቀሳቸው፤ እሷን ብቻ አልቀሰቀሳትም። ወጥተው ደወሏን ቢጫኑ አምፖሉ የሚበራው ሳሎን ነው። ከዚያ ወዲህ ክቡን ነገር የትራሱ ልብስ ውስጥ ከትታ ቁልፎቹን ትቆልፍበታለች። በከንቱ የገዛችውን አልጠቀሰችም፤ ደስ የሚል ሰው ናት።

መልስ 2። የመስማት ምርመራ ባለሙያ ነው። በትሕትና ጀምሮ አቋሜን ከሥሩ ነቀለው። ድምፅ እየደረሰኝ ቃል የማይገባኝ መሣሪያው ስለሰነፈ ብቻ እንዳልሆነ አስረዳ። አናባቢዎች ወፍራምና ጉልበተኛ ናቸው፤ በቀላሉ ይሰማሉ። ቃልን ከቃል የሚለዩት ግን በአብዛኛው እንደ ሰ፣ ፈ እና ሸ ያሉ ቀጫጭንና ደካማ ድምፆች ናቸው፤ ጆሮ ሲጎዳ ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚጠፉትም እነሱ ናቸው። ሰው ሲወለድ በእያንዳንዱ የውስጥ ጆሮ 15,000 ያህል ፀጉር መሰል ሕዋሳት ይኖሩታል፤ የሞተ አይተካም። መሣሪያው ለተረፉት ያጎላላቸዋል እንጂ የሞቱትን አያስነሣም። ርቀትም ዋጋ እንዳለው ጨመረ፤ ገላጣ ቦታ ላይ በተናጋሪውና በአድማጩ መካከል ያለው ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፁ በ6 ዴሲቤል (የድምፅ ጉልበት መለኪያ ነው) ስለሚወርድ፣ ከሌላ ክፍል ሆኖ የሚያናግረኝ ሰው መሣሪያውን ከማማረሬ በፊት ወደ እኔ እንዲመጣ መከረ።

ከዚያ ሁለት ጥያቄ አስከተለ። መሣሪያው ሲስተካከልልኝ ቀጭን ቱቦ ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ድምፁ ከታምቡሩ አጠገብ ተለክቷል ወይ? በቀን ስንት ሰዓት አደርገዋለሁ? የጭስ ማስጠንቀቂያውን ነገር ያነሣውም እሱ ነው። የተለመደው ማስጠንቀቂያ በቀጭን ድምፅ፣ በ3,000 ሄርትዝ አካባቢ እንደሚጮህ፣ እንደ እኔ ያለ ሰው የሚያጣውም በትክክል ያንን እንደሆነ፣ ስለዚህ ማታ መሣሪያውን አውልቆ ለሚተኛ ሰው ወይ ወፍራም ድምፅ ያለው፣ ወይም ከመልስ 1 ክብ ነገር ጋር የተገናኘ እንደሚያስፈልግ ጻፈ። ይህን አንብቤ ከጠረጴዛው ተነሥቼ ኮርኒሱ ላይ ያለችውን ነጭ ሣጥን አየኋት። ስንት ሌሊት በእሷ ተማምኜ ተኝቻለሁ!

መልስ 3። የእኔ ነው። ቱቦ የሚባል ነገር አለመደረጉን፣ መሣሪያውም ከተገዛ በኋላ አራት ወር መሳቢያ ውስጥ መክረሙን፣ አሁንም እንግዳ ሲመጣ ብቻ እንደማደርገው አመንኩ። ባለሙያው አንጎል የረሳውን ድምፅ ዳግም እስኪለምድ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት እንደሚፈልግ፣ ለእንግዳ ብቻ የሚደረግ መሣሪያ እንግዳ ሆኖ እንደሚቀር በሁለት መስመር መለሰልኝ።

መልስ 4። እዚህ ላይ ቅዝቃዜው አበቃ። የአንገት በላይ ሕክምና ክፍል ነርስ ናት። ስለ ግራ ጆሮዬ ያነበበችው አናዷታል። በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በሦስት ተከታታይ የድምፅ ቅጥነት እርከኖች ላይ 30 ዴሲቤል ወይም ከዚያ በላይ የወረደ ጆሮ ድንገተኛ የመስማት መጥፋት እንደሚባል፣ ይህም እንደ ድንገተኛ አደጋ የሚታይ እንጂ ኩክ ነው ተብሎ የሚጠበቅ እንዳልሆነ ጻፈች። የስቴሮይድ ሕክምና ተስፋ ያለው በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ ቢዘገይ በሁለት ሳምንት ውስጥ ሲጀመር ነው። እኔ አንድ ወር ጠበቅኩ። ይህን ቁጥር በመልሷ ውስጥ ሦስት ጊዜ አነሣችው።

መልስ 5 ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ምን ይጠቅማል ብሎ ተቆጣልኝ። በመልስ 6 ነርሷ ተመልሳ ለእኔ በግል ይቅርታ ጠየቀች፤ ከጽሑፉ ላይ ግን አንድ ቃል እንደማትሰርዝ፣ የጻፈችው ለእኔ ሳይሆን ነገ ጠዋት አንድ ጆሮው ተደፍኖ ለሚነሣ ሌላ አንባቢ እንደሆነ ገለጸች። እውነቷን ነው። አንብቤ ግን ያን ቀን ሌላ መልስ አልከፈትኩም።

መልስ 7 እንዳትጠቁሙ ያልኩትን መድኃኒት ጠቆመ፤ ነጭ ሽንኩርት የተጠበሰበት ዘይት። መልስ 8 ታምቡሯ የተቀደደ መሆኑን ሳታውቅ ዘይት ያደረገችና በኢንፌክሽን የተሰቃየች ሴት ናት፤ የጻፈችውን እዚህ አልደግመውም።

መልስ 9። አንድ ወጣት የቢሮ ሠራተኛ ስለ ስልክ መተግበሪያ አነሣ። ጎግል፣ መስማት የተሳናቸው ከሚማሩበት ከአሜሪካው ጋላውዴት ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ ያበጀው፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የወጣውና ንግግርን ወዲያው ወደ ጽሑፍ የሚለውጠው ላይቭ ትራንስክራይብ ሕይወቱን እንዳተረፈለት ጻፈ። አማርኛም ከ2017 ጀምሮ ጎግል ከድምፅ ወደ ጽሑፍ ከሚለውጣቸው ቋንቋዎች መካከል ነው። ስልኩን ተናጋሪው ፊት ያስቀምጣል፤ አንድ ሰው ቀስ ብሎ ሲናገር ጥሩ ይጽፋል፤ ሦስት ሰው ሲሻማ ገጹ ገንፎ ይሆናል። ስምና ቁጥር ላይ እንዳይታመን አስጠነቀቀ። አንድ ጊዜ ኃላፊው በጀቱ ጸድቋል ሲሉ ስልኩ በጀቱ ደርቋል ብሎ ጻፈለትና ስብሰባው ሲጨበጨብ እሱ ብቻ አዝኖ ተቀመጠ። በጽሑፍ መጥበቅና መላላት ስለማይታይም አለ የሚለውን ቃል ባየ ቁጥር ሰውየው ተናገረ ማለት ይሁን እዚያ ይገኛል ማለት ይሁን ከዐረፍተ ነገሩ መፈለግ አለበት። እኔ በዚያው ምሽት ጫንኩት። የመጀመሪያው የጻፈልኝ ነገር ልጄ ከወንድሙ ጋር ስለ እኔ ጫማ የሚያወራውን ነበር። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል፤ ስልክ ግን ዘመድ ሆነ።

መልስ 10 ይህንኑ የመሰለ ነገር አሳስቦታል። አንዳንዶቹ መተግበሪያዎች ድምፁን ለመተርጎም ወደ ሩቅ ኮምፒውተር ስለሚልኩት፣ በሐኪም ክፍልም ሆነ በስብሰባ ከመክፈት በፊት የሰዎቹን ፈቃድ መጠየቅ ተገቢ እንደሆነ፣ ያለ ኢንተርኔት እዚያው ስልኩ ላይ የሚሠሩ አማራጮች መኖራቸውንም ጻፈ። ማንም አልመለሰለትም፤ መመለስ ነበረብን።

መልስ 11። ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ስለ ከንፈር ንባብ የጻፉት ከክሩ ሁሉ ያሳቀኝ ነው። በ፣ መ እና ጰ ሲነገሩ ከንፈር እኩል ይገጥማል፤ ከ፣ ገ እና ቀ ደግሞ ጉሮሮ አካባቢ ስለሚሠሩ ከውጭ አይታዩም። ስለዚህ ገባ፣ ገማ፣ ቀባ እና ቀማ ለሚያይ ሰው አንድ ቃል ናቸው፤ መስታወት ፊት ቆመን እንድንሞክረው ጋበዙን። (ሞክሬዋለሁ፤ አንድ ናቸው።) አንድ ቀን ባለቤታቸው ከበሩ አጠገብ ቆመው፣ ድምፅ ሳያወጡ በከንፈር ብቻ እንግዳው መግባቱን ነገሯቸው። እሳቸው ገማ መሰላቸው። ተነሥተው መስኮቱን ሁሉ ከፈቱ። እንግዳው ቀዝቃዛ ንፋስ እየመታው አንድ ሰዓት ተቀመጠ፤ ባለቤታቸው በዓይናቸው ቢቆጡ እሳቸው ሽታው አልወጣም ማለታቸው መስሏቸው በሩንም ከፈቱት።

ከሳቁ በኋላ ቁም ነገር አስከተሉ። መስኮት ከጀርባው አድርጎ የሚቀመጥ ሰው ፊቱ ጥቁር ጥላ ይሆናል፤ ስለዚህ ክፍል ሲገቡ መጀመሪያ ብርሃኑን አይተው፣ መስኮቱ ከራሳቸው ጀርባ እንዲሆን ወንበር ይመርጣሉ። ጢም፣ ማስቲካና አገጭ ላይ የሚቀመጥ እጅ ጠላቶቻቸው ናቸው። ወረርሽኙ የአፍና አፍንጫ መሸፈኛ ባመጣበት በ2020 ደግሞ ዓለም በሙሉ በአንድ ጊዜ አፉን ዘጋባቸው። በመጨረሻ ስለ ራሳቸው ሲጽፉ ደንቆሮ የሚለውን ቃል ተጠቀሙ። እሳቱ የተነሣው ከዚያች ቃል ነው።

መልስ 12። ከልደቷ ጀምሮ የማትሰማ፣ በምልክት ቋንቋ ያደገች ሴት ናት። ቃሏ የተመዘነ ነው፤ ግን ስለት አለው። መጀመሪያ ቃሉን አነሣች፤ በትምህርት ቤት ግቢ ሲወረወርባት ያደገችበት ድንጋይ እንደሆነ ጻፈች። ቀጥላ ክሩን በሙሉ ገሠጸች። እስከ እሷ ድረስ የጻፍን ሁሉ መስማትን አገር፣ አለመስማትን ስደት አድርገን እንደተነጋገርን፣ አንዳችንም የምልክት ቋንቋን በስሙ እንኳ እንዳልጠራን ጠቆመች። የምልክት ቋንቋ የእጅ ጥቅሻ ሳይሆን የራሱ ሰዋስው ያለው ቋንቋ መሆኑን አሜሪካዊው የቋንቋ ምሁር ዊልያም ስቶኪ ገና በ1960 እንዳሳየ፣ አንድ ዓለም አቀፍ የምልክት ቋንቋ አለ ብሎ ማሰብም ስሕተት እንደሆነ አስታወሰች። ስለ አምፖልና ስለ ማንቂያ የምንጽፈውን ሁሉ እሷ ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቀዋለች፤ የሚጠይቃት ስለሌለ እንጂ።

መልስ 13 መምህሩ ናቸው፤ ስለ ራሳቸው የፈለጉትን የመናገር መብት እንዳላቸው፣ ቃሉ በቀድሞ መጻሕፍት ያለ ክፋት እንደሚገኝ ጻፉ። መልስ 14 ችግሩ በቃሉ ትርጉም ውስጥ እንደሆነ አሳየ፤ ይኸው ቃል የማይሰማንም የማያውቅንም አንድ ላይ ስለሚጠራ፣ ድንቁርና ስንል ጆሮን ማንም አያስብም፤ አለማወቅን እንጂ። ስለዚህ መስማት የተሳነው ማለት እንደሚሻል መከረ። መልስ 15 የተሳነውም ቢሆን አቅመ ቢስ ያስመስላል ብሎ ሁለቱንም ወገን ሰደበ፤ አወያዩ በመልስ 16 ግማሹን ሰረዘው። እኔ ከመልስ 14 ጋር ነኝ፤ መምህሩን ግን እኔ አላርማቸውም።

መልስ 17። የመጀመሪያዋ መላሽ ተመልሳ መጣች። ከመልስ 12 በኋላ አፍራ ለመጻፍ ሁለት ቀን እንደፈጀባት ተናዘዘች። እሷና ታናሽ እኅቷ ተምረው የጨረሱት አርባ ያህል ምልክት ብቻ ነው። አርባዋ ግን ሰፊ መንገድ ማዶና ማዶ ቆመው ይነጋገሩባታል፤ በተዘጋ የአውቶቡስ መስኮት ትሠራለች፤ ሙዚቃ በሚጮህበት አዳራሽ ሌላው ሰው ጆሮ ለጆሮ ሲጯጯህ እነሱ ከሁለት ጥግ ሆነው ሐሜታቸውን ይጨርሳሉ። የ12ኛዋ መላሽ ይህን አንብባ አርባ ለሐሜት እንደማይበቃ፣ እንድትጨምር መከረቻት። በመካከላቸው ሰላም ወረደ።

መልስ 18። ረጅሙ ይኼ ነው። በማጅራት ገትር ምክንያት በ38 ዓመቱ መስማት ያቆመና ኮክሊየር ኢምፕላንት (በቀዶ ሕክምና የውስጥ ጆሮ ውስጥ የሚገባ መስሚያ) የተደረገለት ሰው ነው። ከማጅራት ገትር በኋላ ቀንድ አውጣ የመሰለው የውስጥ ጆሮ ክፍል ወደ አጥንትነት ሊለወጥና ለመሣሪያው መግቢያ ሊያሳጣ ስለሚችል ሐኪሞቹ አቻኮሉት። አሠራሩን እንዲህ አስረዳ፦ ከጆሮ ጀርባ የምትለጠፈው ክፍል ድምፁን ተቀብላ በቆዳው ላይ በማግኔት ወደተያዘች ክብ ነገር ትልካለች፤ እሷ በሬዲዮ ሞገድ ከቆዳው ሥር ወዳለው ታቀብላለች፤ ከዚያ ቀጭኗ ሽቦ የመስሚያውን ነርቭ በኤሌክትሪክ ትነካካዋለች። የ15,000ውን ሕዋስ ሥራ የሚሠሩት እንደ መሣሪያው ዓይነት ከ12 እስከ 22 የሚደርሱ የሽቦዋ ነጥቦች ናቸው። በሽቦ ነርቭ መንካት በ1957 ፓሪስ ውስጥ ተሞክሯል፤ ብዙ ነጥብ ያለው ደግሞ በ1978 ሜልቦርን ላይ በሐኪሙ በግሬም ክላርክ እጅ ገብቷል።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ቁስሉ እስኪድን ሦስት ሳምንት ጠበቀ። መሣሪያው የተከፈተ ዕለት ሚስቱ ፊቱ ተቀምጣ ስሙን ጠራች። የሰማው ጣሳ ላይ የሚንከባለል ብይ የመሰለ ነገር ነበር። እሷ የደስታ እንባ ስታነባ እሱ በልቡ ይህን ገንዘብና ይህን ቁስል ለጣሳ ነው ወይ ይል ነበር። በየሳምንቱ እየሄደ ነጥቦቹን አስተካከሉለት። በየማታው ልጁ መጽሐፍ ስታነብለት በጣቱ መስመሩን ይከተል ነበር። በአምስተኛው ወር አንድ ቀን ፊቱን አዙሮ ጫማውን ሲያስር ሚስቱ ቁልፉ የት እንዳለ ጠየቀችው፤ መልሶላት ከቤት ከወጣ በኋላ ነው ከንፈሯን ሳያይ እንደሰማ የገባው። ሙዚቃ ግን ዛሬም ጣሳ ነው። ሲታጠብና ሲተኛ ክፍሏን ስለሚያወልቅ ፍጹም አይሰማም፤ በማግኔቱ ምክንያትም የኤምአርአይ ምርመራ ከመደረጉ በፊት ሁልጊዜ ማሳወቅ አለበት። የተረፈ የተፈጥሮ መስማት ያለው ሰው በቀዶ ሕክምናው ያንን ሊያጣ እንደሚችል አውቆ እንዲወስን፣ ለሁሉም ሰው የሚሆን ነገር አድርጎ እንዳያየው አሳሰበ።

መልስ 19 ላይ የምልክት ቋንቋ ተናጋሪዋ ይህ ሁሉ ድካም ለጣሳ ድምፅ ከሆነ በዚያው አምስት ወር ቤተሰቡ በሙሉ ስንት ምልክት ይማር እንደነበር አሰላች። መልስ 20 እሱ ነው፤ የ38 ዓመት ትዳሩ፣ ሥራውና ቀልዱ ሁሉ በድምፅ የተሠራ እንደነበር፣ እሷ ያላትን ቋንቋ እሱ እንዳልነበረው ጻፈ። እሷም ልዩነቱን ተቀበለች፤ የ38 ዓመት ትዳር ካለው በልደቱ ዕለት አግብቷል ማለት ነው ብላ ግን አረመችው። (ዕድሜውን ማለቱ ነበር።)

ከመልስ 21 እስከ 25 ክሩ የባትሪ ገበያ ሆነ። አንዱ ትንንሾቹ ባትሪዎች አየር ስበው የሚሠሩ ስለሆኑ ተለጣፊዋን ከላጡ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት እንደሚያስፈልግ ጻፈ፤ ሌላው ተለጣፊዋን መልሶ መለጠፍ ባትሪውን እንደሚያድነው ተከራከረ፤ አያድነውም፤ አንዴ ከነቃ ነቅቷል። ብርቱካናማው 13 ይሁን ቡናማው 312 ይበልጣል የሚለው ክርክር ሁለት ሰው አኳረፈ፤ መልሱ መሣሪያው የሚወስደውን ነው። ከዚህ ሁሉ መሐል ግን መልስ 23 ወርቅ ነበር። ብዙ መሣሪያዎች ውስጥ ቲ የሚባል ትንሽ ጥምጥም ሽቦ እንዳለ፣ አዳራሹ ወይም የአገልግሎት መስኮቱ ዙሪያውን መግነጢሳዊ ሽቦ የተዘረጋለት ከሆነ የማይክሮፎኑ ድምፅ የክፍሉን ጫጫታ ሳያልፍ በቀጥታ ጆሮ ውስጥ እንደሚገባ፣ ምልክቱም ቲ ፊደል ያለበት የጆሮ ሥዕል እንደሆነ ነገረን። ሻጮች ሳያበሩት እንደሚያስረክቡም ጨመረ። የእኔንም ባሳይ እውነትም ተኝቶ ኖሯል፤ ሦስት ዓመት!

መልስ 26 በአንድ ባንክ ይሠራል። ወደ ባንኩ ጉዳዬ መጀመሪያ የተመለሰልኝ እሱ ነው። የስልክ ማረጋገጫ የተለመደው ሠራተኛው የሰውየውን ድምፅ ስለሚያምን እንደሆነ፣ በጽሑፍ መልእክት ወይም በአካል ቀርቦ ማረጋገጥ በደንቡ ባይከለከልም ሠራተኛው ለመወሰን እንደሚፈራ ገለጸ። መልስ 27 የሕግ ሰው ናት፤ የተባበሩት መንግሥታት የ2006ቱን የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት ጠቅሳ፣ አንቀጽ 9 ስለ ተደራሽነት፣ አንቀጽ 12 ደግሞ የራስን ገንዘብ ራስ ስለማስተዳደር እንደሚናገር አሳየች፤ አቤቱታዬን በጽሑፍ እንዳቀርብና መልሱንም በጽሑፍ እንድጠይቅ መከረች። መልስ 28 አንቀጽ ስልክ አያነሣም ብሎ ተሳለቀባት፤ ቀጥሎ ግን ጠቃሚ ነገር ተናገረ፤ መስማት የተሳነው የፊዚክስ ሊቅ ሮበርት ዋይትብረክት በ1964 በስልክ መስመር ላይ ጽሑፍ የሚልክ መሣሪያ ሠርቶ ሳለ ዛሬ አይቻልም የሚል ባንክ እንደሚያሳፍር።

መልስ 29 አንዲት እናት ናቸው። እሳቸው ከባንክ ጋር አልተከራከሩም። ስልክ ሲደወል ሴት ልጃቸው አንሥታ እሳቸውን ሆና ትመልሳለች፤ የልደት ቀን፣ የእናት ስም፣ የመጨረሻው ገቢ ሁሉ በቃሏ ነው። ለደኅንነት ሲባል የተደረገው ጥሪ በየወሩ የሌላ ሰው ማንነት እያረጋገጠ ይዘጋል። የ26ኛው መላሽ ይህን እንዳላነበበ እንድንቆጥርለት ጠየቀ።

መልስ 30። መምህሩ ስለ ቤትሆቨን አነሡ። ከ1818 ጀምሮ ሰዎች ሊነግሩት የሚፈልጉትን በደብተር ይጽፉለት ነበር፤ እሱ ግን በአብዛኛው በአፉ ስለሚመልስ ደብተሮቹ ውስጥ የተረፈው የሌሎቹ ጥያቄ እንጂ የእሱ መልስ አይደለም። እሳቸውም ከሁሉ የሚጠቅማቸው ኪሳቸው ያለችው ደብተርና እርሳስ እንደሆነች፣ ባትሪም ኢንተርኔትም እንደማትጠይቅ ጻፉ። ባለቤታቸው ስለዚያ እንግዳ የጻፉባትን ገጽ ግን ቀድደውታል።

መልስ 31። እዚህ ላይ የሚሰማ ሰው ገባ። ሚስቱ መስማት ካቆመች ስድስት ዓመቷ ነው። ክሩን ከላይ እስከ ታች አንብቦ አንድ ነገር ሊናዘዝ ፈለገ። ቤተሰብ ሰብሰብ ብሎ ሲስቅ ሚስቱ ምን እንደተባለ ትጠይቀዋለች፤ እሱ ተይው፣ ምንም አይደለም ይላታል። ክፋት የለውም፤ የተባለው በእርግጥ ምንም ስላልሆነ ነው። በቅርቡ ግን መጠየቅ አቁማለች። ስልኳን አውጥታ ዝም ብላ ትመለከታለች። ጥሩ መተግበሪያ ካለ እንድንነግረው ጠየቀ።

መልስ 32 የመተግበሪያ ስም ነገረው። መልስ 33 ላይ የመጀመሪያዋ መላሽ፣ ያቺ ደስ የምትል ሴት፣ ተቆጣች። መተግበሪያ እንዳይገዛላት፣ አፉን ወደ እሷ እንዲያዞር ጻፈች። እሷም በዚያ ቃል ምክንያት ከስንት ማዕድ ተነሥታ እንደሄደች፣ ምንም አይደለም የተባለውን ነገር የሰሙት ሁሉ ስቀውበት ሳለ እሷ ብቻ ምንም እንዳልሆነ እንደተነገራት ጻፈች። መልስ 34 ነርሷ ናት፤ ለስለስ ብላ፣ ያልተሰማን ቃል ያንኑ ደጋግሞ ከመጮህ በሌላ ቃል መለወጥ እንደሚሻል፣ ጩኸት ከንፈርን እንደሚያዛባ፣ ከወሬው በፊት ስለ ማን እንደሚወራ ስሙን መንገር ግማሹን ሥራ እንደሚሠራ ዘረዘረች።

እኔ በዚህ መሐል ምንም አልጻፍኩም። ወደ ሳሎን ሄጄ ልጄን ትናንት ማታ ተወው ያለኝ ነገር ምን እንደነበር ጠየቅኩት። አላስታወሰም። ግራ ገብቶት ቆይቶ፣ ስለ ዝናብ መሰለኝ አለኝ።

መልስ 35። የ31ኛው መላሽ ከሳምንት በኋላ ተመለሰ። በአንድ ምሽት ብቻ ያንን ቃል ሰባት ጊዜ ሊላት አፉን ከፍቶ ሰባቱንም እንደዋጠው ቆጥሯል። በእያንዳንዱ ፈንታ የተባለውን በወረቀት ጻፈላት። ሰባቱ እንዲህ ናቸው፦ የጎረቤት ድመት ዳግም ጣሪያ ላይ መውጣቷ፣ የአማቹ የሸሚዝ ቁልፍ መላላቱ፣ ሁለት ጊዜ ስለ አየር ጠባይ፣ አንድ የማያስቅ ቀልድ፣ ጨው አቀብለኝ፣ እና ማን እንዳስነጠሰ። ሚስቱ ወረቀቱን አንብባ ለረጅም ጊዜ ሳቀች፤ ያመለጣት ነገር ከዚህ የከበደ ይመስላት ነበር። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

መልስ 36 የእኔ ነው። መሣሪያውን አሁን ከጠዋት እስከ ማታ አደርገዋለሁ፤ ቱቦ ያለው ምርመራም ተደርጎልኝ ሰው ፊት ለፊት ብቻውን ሲያናግረኝ ብዙውን እይዛለሁ፤ ሲበዙ አሁንም ጫጫታ ነው። እኩሌታውን አይሠራም ያልኩትን አንሥቻለሁ። ነጯ የጭስ ሣጥን ተለውጣለች፤ ማንቂያው የትራሱ ልብስ ውስጥ ተቆልፎበታል። ባንኩም ለጽሑፍ አቤቱታዬ በጽሑፍ መልሷል። አቤቱታዬን በአክብሮት እንደተቀበሉት፣ ስለ ዝርዝሩ ለመነጋገርም አንድ ሠራተኛ በዚህ ሳምንት እንደሚደውልልኝ ይገልጻል።

መልስ 37። የ29ኛዋ እናት ልጃቸውን ሊያውሱኝ ፈቀዱ። ሰሞኑን ጉንፋን ይዟት ድምፅዋ ጎርነን እንዳለ፣ የልደት ቀኔንና የእናቴን ስም ብቻ ቀደም ብዬ እንድልክላት ጻፉ።